የባትሪ ሠሪው መጥበሻ

ይህ ነገር የደረሰብኝ በደርግ ዘመን፣ የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ሳለሁ ነው። የፈጀው ከማክሰኞ ጠዋት እስከ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ድረስ ነው። አውጥቼ ለመናገር ግን ብዙ ዓመት ወስዶብኛል።

ያኔ የምኖረው ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ አጠገብ፣ ከመንገዱ ገባ ብላ ባለች የቀበሌ ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበር። ባለቤቴ ደረጀ ከተወሰደ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆኖታል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ቆመው ጠበቁን። የቀበሌያችን አብዮት ጠባቂዎች ናቸው፤ አዛዡ ጓድ ታደለና መኮንን የሚባል ረዥም ወጣት። "ለጥያቄ ነው፣ ይመለሳል" አሉኝ። ሦስት ሳምንት ምግብ አመላለስኩለት። በአራተኛው ሳምንት "ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል፤ ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ" ተባልኩ። ወዴት ብዬ ብጠይቅ የሚመልስልኝ አላገኘሁም። በዚያ ዘመን የኖረ ሰው "ምግብ አታምጪ" ማለት ምን እንደሆነ ያውቃል። እኔም ሳላውቅ አልቀረሁም። ግን የነገረኝ ሰው ስለሌለ፣ እንዳላወቀ ሰው ሆኜ ተቀመጥኩ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ሩቅ ሆነብኝ። አላለቅስም፣ አልስቅም። ጎረቤት ሲያዋራኝ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ፣ የሚለው ግን ዘግይቶ ነው የሚገባኝ። እሳት ሲፈጀኝ እንኳ እጄን ቶሎ አላነሳም።

መብላት ስላለብኝ የፊት ክፍሌን ቁርስ ቤት አደረግኩት። ሁለት አግዳሚ ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛና አንድ የከሰል ምድጃ ነበረኝ። ስልስ እሠራለሁ፣ እንቁላል እጠብሳለሁ። ደንበኞቼ ታክሲ ሾፌሮችና አንዳንድ የሰፈር ሰዎች ነበሩ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ከእኔ ፊት ለፊት ስለሆነ አብዮት ጠባቂዎቹም ይመጡ ነበር። አዎ፣ ጓድ ታደለና መኮንን በየማለዳው እኔ ቤት ይበሉ ነበር። እንዴት ቻልሽው የሚለኝ ሰው አለ። የቻልኩት ነገር የለም። ሰሃኑን አቀርባለሁ፣ ሰሃኑን አነሳለሁ። በቃ።

መጥበሻውን ያገኘሁት አሮጌ ዕቃ መሬት ላይ ዘርግታ ከምትሸጥ ሴት ነው። ቀልጦ በቅርጽ ከሚፈስሰው ከከባዱ ብረት የተሠራ፣ ጎድጎድ ያለ፣ በሁለት እጅ ካልሆነ የማይነሳ ነበር። እጀታው ተሰብሮ በቦታው ወፍራም ፌሮ ተበይዶበታል። ዝገት በልቶት ስለነበር በርካሽ ሰጠችኝ። ቤት አምጥቼ በአሸዋና በአመድ ፈተግኩት፣ አጠብኩት፣ ወዲያው እሳት ላይ አድርቄ እንደ ሸክላ ድስት አሟሸሁት፤ ሞራ ቀባሁት፣ እስኪጨስ አጋልኩት፣ ጠረግኩት፣ ደግሜ ቀባሁት። አራት ቀን እንዲህ አደረግኩ። ጥቁርና ለስላሳ ሆነ፣ እንቁላል አይዝም። ታችኛው ጥግ ላይ ብቻ ጥቁር የማይሆኑ ግራጫ ነጠብጣቦች ነበሩት። የቆርቆሮ ቅብ ትራፊ መሰለኝ። ስልሱንም ማታ ሠርቼ እዚያው ውስጥ አሳድረው ነበር፤ ቲማቲሙ ሲያድር ይጣፍጣል ይሉኛል።

በሰባት ወር ውስጥ ከሰውነት ወጣሁ። ሆዴን ይቆርጠኛል፣ አፌ ውስጥ ሳንቲም የያዝኩ ይመስለኛል፣ ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ይከዳኛል። ሐዘን ነው ብዬ ተውኩት።

ያን ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ገደማ ሾፌሮቹ በልተው እንደወጡ አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም። አንጁሎ እንደሚባሉ፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ የመኪና ባትሪ እንደሚሠሩና ኮልፌ ዘመድ ሊጠይቁ እንደመጡ ራሳቸው ነገሩኝ። ቀኝ እጃቸው ከአንጓው ላይ ወደ ታች ወድቋል፤ ኮፊያቸውን በግራ እጃቸው ነው ያወለቁት።

"ስልስ ይሻልዎታል ወይስ እንቁላል?" አልኳቸው።

"ያለው ይሁን፣ ልጄ።"

መጥበሻውን ከእሳት ላይ አንስቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ሰሃን ልጠርግ ዞርኩ። ስመለስ ጎንበስ ብለው እጀታውን በጣታቸው እየዳበሱ ነበር።

"ይህን ከየት አገኘሽው?"

"ገዝቼው ነው። ምነው?"

"ይህ ብየዳ የእኔ ነው።" ስልሱን በማንኪያ ገፋ አድርገው ጥጉን አዩ። ማንኪያውን ቀስ ብለው አስቀመጡት። "ስንት ጊዜ ሆነሽ?"

"ሰባት ወር።"

"በየቀኑ?"

"በየቀኑ።"

ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ልጄ፣ እኔ በዚህ ዕቃ የባትሪ እርሳስ ነበር የማቀልጥበት። ዓመታት ሙሉ። ሌላ ሳገኝ ለቆራሌው ሰጠሁት። እርሳስ መርዝ ነው። እሳት አያጠፋውም፣ አሸዋ አያስለቅቀውም፣ ብረቱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል።" ከንፈራቸውን ወደ ላይ ገለበጡ። ከጥርሳቸው ሥር፣ ድዳቸው ጠርዝ ላይ ሰማያዊ የሆነ ቀጭን መስመር ነበር። "ሐኪም ነው ያሳየኝ። እጄም የወደቀው ከዚሁ ነው። እስቲ ያንቺን አሳዪኝ።"

አሳየኋቸው። አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

ሲወጡ በሩ ላይ ቆም አሉ። "ስሜን ለማንም አታንሺ። ቀበሌው ፊት ለፊት ነው፣ አምስት ልጆች አሉኝ። ዕቃውን ቅበሪው፣ ዝም በዪ።"

"እሺ" አልኩ። ስልሱን ጉድጓድ ውስጥ ደፋሁት። መጥበሻውን አልጋ ሥር አስገባሁት። በሬን ዘጋሁና ተቀመጥኩ። አልደነገጥኩም። ያበላኋቸውን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኩ፤ ሾፌሮቹን፣ ጓድ ታደለን፣ መኮንንን። ሁለቱ ላይ ስደርስ የሆነ ነገር ይሰማኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ተንኳኳ። አስቴር ናት፣ የእትዬ ብርቄ ልጅ። እትዬ ብርቄ ከጓሮዬ አጥር ማዶ ሁለት ላም ያላቸው፣ ወተት የሚሸጡ መበለት ናቸው። ለአብዮት ጠባቂዎቹም ጠዋት ጠዋት ወተት የሚልኩት እሳቸው ነበሩ።

"እማዬን ወሰዷት" አለችኝ። ፊቷ አመድ መስሏል።

"ማን?"

"ጓድ ታደለ ራሱ። መኮንን ጠዋት ወተት ጠጥቶ ወዲያው ወደቀ። ሆዱን ይዞ ይጮሃል፣ ያስመልሰዋል። ሆስፒታል ወስደውታል፣ ሐኪሙ ምን እንደሆነ አላወቀም። እማዬን መርዝ አብልተሽ ነው፣ የላከሽን ተናገሪ አሏት።" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "ምን ላድርግ፣ ዘነበች?"

"ቤት ሂጂ። ላሞቹን እለቢ" አልኳት።

ከሄደች በኋላ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ ከተቀመጥኩበት አልተነሳሁም። ይህን አልደብቃችሁም። ሦስት ሰዓት ሙሉ እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ሦስት ሰዓት ዝም አልኩ። ባሌን የወሰደው ሰው እየሞተ ነው፣ የሚገድለውም የእኔ መጥበሻ ነው። ሆን ብላ አላደረገችውም ብሎ የሚያምነኝ ማን ነው? ዝም ብል ደግሞ ማንም አይደርስብኝም። እትዬ ብርቄ ግን ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። ደረጀ የተወሰደ ሰሞን ሰው ሁሉ ቤቴን ሲሸሽ በአጥሩ ቀዳዳ ወተት ያቀብሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ጀግንነት ተሰምቶኝ አይደለም የተነሳሁት። ፍርሃት ስላልነበረኝም ይሆናል። መጥበሻውን ከአልጋ ሥር አወጣሁ፣ በነጠላዬ ጠቀለልኩና መንገዱን ተሻገርኩ።

ጓድ ታደለ ብቻውን ነበር። ዓይኑ ደም መስሏል። ነጠላውን ፈትቼ መጥበሻውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት።

"ምንድን ነው ይህ?"

"መኮንንን ያሳመመው ይህ ነው። ወተቱ አይደለም።"

"የምን ጨዋታ ነው?"

"ጨዋታ አይደለም። ከእኔ በፊት የባትሪ እርሳስ ይቀልጥበት ነበር። ዛሬ ጠዋት ነው ያወቅሁት። ለሐኪሙ ይንገሩት፤ ካላወቀ በሌላ መድኃኒት ይገድለዋል።"

"ማን ነገረሽ?"

"አንድ ሰው።"

"ስሙ ማን ነው?"

"አልነግርዎትም።"

ከወንበሩ ተነስቶ በሩን ዘጋና ተመልሶ ተቀመጠ። "ባልሽን ማን እንደወሰደው ታውቂያለሽ?"

"እርስዎና መኮንን ናችሁ።"

"እና አንቺ ሰባት ወር ሙሉ እኔንና መኮንንን እርሳስ አበላሽን።"

"አዎ። ሳላውቅ።"

"ማን ያምንሻል?"

"አላውቅም።"

"ታዲያ ለምን መጣሽ?"

"እትዬ ብርቄ ምንም አላደረጉም።"

የላይኛውን ከንፈሬን ገልብጬ ሰማያዊውን መስመር አሳየሁት። ከመጥበሻው የሚተርፈውን በየቀኑ የምበላው እኔ እንደሆንኩ ነገርኩት። መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ከደረት ኪሱ ማበጠሪያና ትንሽ መስተዋት አወጣ። ከንፈሩን ገለበጠ፣ ወደ መስኮቱ ዞረ፣ ደግሞ አየ። መስተዋቱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ተነሳ።

ወደ ሆስፒታል ሰው ላከ። እኔን ግን አልለቀቀኝም፤ እትዬ ብርቄ ካሉበት ክፍል አስገባኝ። እትዬ ብርቄ ሲሚንቶው ላይ እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል። አንድ ጉንጫቸው አብጧል።

"አንቺ ደግሞ ምን አጠፋሽ?" አሉኝ።

ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። የሽማግሌውን እጅ፣ ድዳቸውን፣ ጦር ኃይሎች የሚለውን ሁሉ አልተውኩም፤ ስማቸውን ብቻ አላነሳሁም። ሰምተው ሲጨርሱ ተቆጡ።

"ምን አግብቶሽ መጣሽ? እኔ አሮጊት ነኝ፣ ነገ ይለቁኝ ነበር።"

"አይለቁዎትም ነበር።"

ጋቢያቸውን ከፍለው ትከሻዬ ላይ ጣሉ።

ረቡዕ ረፋዱ ላይ ከሆስፒታል መልስ መጣ። እርሳስ ነው፤ ሐኪሙ ሲነገረው ወዲያው አውቆታል፣ መድኃኒቱንም ቀይሯል። እትዬ ብርቄ ተለቀቁ። እኔ ግን ባስኩ። አሁን መርዙ ተረጋግጧል፣ ያበላችው ሴት ባሏ የተወሰደባት ናት፣ ስለ ዕቃው የነገራትን ሰው ስም አትናገርም። ታደለ ረቡዕ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። ሁለቴም "አልነግርዎትም" አልኩ። ሽማግሌውን ከሞት ላተርፍ ብዬ ብቻ አልነበረም። እሺ ብያቸው ነበር፣ ሌላ የያዝኩት ነገር ስላልነበረኝ እሷኑ ቃል ያዝኩ። "እንግዲያው ነገ ወደ ከፍተኛ ትሄጃለሽ" አለኝ። ከፍተኛ ከቀበሌው በላይ ያለው ቢሮ ነው። ደረጀም መጀመሪያ የተወሰደው እዚያ ነበር።

ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ ላንድሮቨር መጥቶ ግቢው ውስጥ ቆመ። ጫማዬን እንዳደርግ ተነገረኝ። ጫማዬን ሳስር በመስኮቱ ጋሽ አንጁሎን አየኋቸው። ኮፊያቸውን በግራ እጃቸው ይዘው ከጥበቃው ጋር እያወሩ ነው። ከኋላቸው፣ ከግቢው በር ውጪ፣ እትዬ ብርቄ ቆመዋል።

ኋላ እንደሰማሁት እትዬ ብርቄ ረቡዕ ከሰዓት ጀምረው ጦር ኃይሎች አካባቢ ያሉትን ጋራዦች በእግራቸው ዞረው እጁ የወደቀ ባትሪ ሠሪ ሲጠይቁ ውለዋል። ሐሙስ ጠዋት አገኟቸው። አልለመኗቸውም። "ስምዎን አልተናገረችም" ብቻ አሏቸው። ጋሽ አንጁሎ ሽርጣቸውን ፈቱና ተከተሏቸው።

ሁለታችንንም ታደለ ፊት አቆሙን። ጋሽ አንጁሎ ከኪሳቸው ድቡልቡል እርሳስና ሚስማር አወጡ። እርሳሱን በሚስማሩ ጫሩት፤ አበራ። ከዚያ የመጥበሻውን ግራጫ ነጠብጣብ ጫሩት፤ እሱም እንደዚያው አበራ።

"ብየዳው የእኔ ነው። ያቀለጥኩበትም፣ ለቆራሌው የሰጠሁትም እኔ ነኝ። ይህች ልጅ የምታውቀው ነገር የለም" አሉ።

"ሆን ብለህ ነው ለቆራሌው የሰጠኸው?" አለ ታደለ። በዕድሜ አባቱ ይሆኑ ነበር፣ አንተ ነው ያላቸው።

"አይ፣ ጓድ። ይቀልጣል፣ ሌላ ነገር ይሆናል ብዬ ነው። ግን ሰብሬ መስጠት ነበረብኝ። ሰው ሊያበስልበት እንደሚችል ማሰብ ነበረብኝ። ጥፋቱ ይኸው ነው፣ የእኔ ነው።"

የወደቀ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ በግራ እጃቸው አንስተው አስቀመጡት። ታደለ ያን እጅ አየ። ከዚያ ላንድሮቨሩ ባዶውን እንዲመለስ አዘዘ። ጋሽ አንጁሎን አንድ ሳምንት አቆይተው ለቀቋቸው።

መጥበሻውን ግቢው ውስጥ በመዶሻ ሰበሩት። እንዲህ ያለ ብረት አይጣመምም፣ እንደ ሸክላ ነው የሚፈረካከሰው። ስብርባሪውን ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት። ቆሜ አየሁ።

ልወጣ ስል ታደለ በስሜ ጠራኝ። ሌላ ሰው አጠገባችን አልነበረም።

"በሦስተኛው ሳምንት ነው" አለኝ።

"ምኑ?"

"ባለቤትሽ። የተዛወረበት ቦታ የለም። አትጠብቂው።"

"አመሰግናለሁ" አልኩት።

ለምን እንዳልኩት አላውቅም። እስከዛሬ ይከነክነኛል። ምናልባት በአንድ ዓመት ከአራት ወር ውስጥ ስለ ደረጀ እውነት የነገረኝ የመጀመሪያው ሰው ስለሆነ ነው። መንገዱን ተሻግሬ ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ጊዜ እንደ ደረጀ ለሞተ ሰው ለቅሶ መቀመጥ አይቻልም ነበር። ለእትዬ ብርቄ ስነግራቸው ትንሽ አሰቡና "አጎትሽ ጎጃም ሞቷል፤ ዛሬ ነው የተረዳሽው" አሉኝ። ጎጃም አጎት የለኝም። በነጋታው የሰፈሩ ሴቶች ጥቁር ለብሰው መጡ። ለአጎቴ አለቀሱ። እየተነሱ ስለ ደግነቱ፣ ስለ ቁመናው፣ ሳይጠገብ ስለመሄዱ ተናገሩ። ሁሉም ማንን እንደሚያለቅሱ ያውቁ ነበር፣ አንዳቸውም ስሙን አላነሱም። ሦስት ቀን ተቀመጡልኝ። እኔ ግን አላለቀስኩም።

መኮንን ከወር በላይ ተኝቶ ዳነ። ከስቶ ተመለሰ፤ አንድ ጊዜ በሬ ላይ ቆም ብሎ አይቶኝ ሄደ። ሾፌሮቹንም አንድ በአንድ ፈልጌ ነግሬያቸው ታክመዋል። እኔን ያየኝ ሐኪም ድካሙና ድንዛዜው ከእርሳሱም እንደሚመጣ ነገረኝ። ስለዚህ ያ ሁሉ መደንዘዝ ምን ያህሉ የሐዘን፣ ምን ያህሉ የመጥበሻው እንደነበር ዛሬም አላውቅም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ርካሽ ዕቃ አትግዙ እያልኳችሁ አይደለም። እኔ ዛሬም የምጠብስበት ከባድ የብረት መጥበሻ ነው፣ እሱም አሮጌ ነው። ዝገት አያስፈራም፤ ዝገት በአሸዋ ይለቃል። ስትገዙ በብረት መታ መታ አድርጉት፤ የተሰነጠቀ ከሆነ ድምፁ ይታፈናል። አጥባችሁ ውኃ ውስጥ አትተዉት፣ ወዲያው እሳት ላይ አድርቁትና ዘይት በስሱ ቀቡት። ሲግል ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉበት፣ ይሰነጠቃል። ቲማቲም ያለበትን ወጥ ውስጡ አታሳድሩ። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ከእናንተ በፊት ማን ምን እንደሠራበት ጠይቁ። ሻጩ ካላወቀ፣ ግራጫ ነጠብጣብም ካያችሁበት፣ ማሟሸት አያድናችሁም። የምትጥሉት ዕቃ ለሰው የማይሆን ከሆነም ሰብራችሁ ጣሉት።

ከዚያ ሳምንት በኋላ ቁርስ ቤቱን በአዲስ ዕቃ ቀጠልኩ። የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ነገር እንዳላወቅሁ ሆኜ መቀመጥ አልቻልኩም። ብዙ ዋጋ ያስከፈለኝ ጊዜ አለ፣ ወዳጅም ያጣሁበት አለ።

ጋሽ አንጁሎ ያረፉት ደርግ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ ከልጆቻቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። የመጀመሪያ ልጃቸው አላወቀችኝም።

"አባታችንን በምን ነው የሚያውቋቸው?" አለችኝ።

"ቀበሌ ገብተው ያወጡኝ እሳቸው ናቸው" አልኳት።

አልገባትም። ለካ አንድም ቀን ነግረዋቸው አያውቁም። አባታቸው አንድ ሳምንት የታሰሩት በሥራቸው ምክንያት ነው ብለው ነው ያደጉት። ወንድሞቿና እህቶቿ ወንበራቸውን ጠጋ አደረጉ። ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳቸው፤ ብየዳውን፣ ኮፊያቸውን፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው" ያሉትን። የደረጀንም ስም እዚያ ሰው መሀል ጮክ ብዬ ጠራሁት። ያኔ እንባዬ መጣ። ስም አውጥቼ፣ ድምፅ አውጥቼ፣ የሁለቱንም ለቅሶ አለቀስኩ። የጋሽ አንጁሎ ልጅ ጀርባዬን እየደባበሰች ጠበቀችኝ።